ሁለት መቶኛ ሰከንድ፦ ስለ ሳሎን ኮምፒውተርና ስለ ስፖርት ስርጭት የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምመልሳቸው ስድስት ደብዳቤዎች ከተለያየ ከተማ የተጻፉ ቢሆኑም የሚያወሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ያገለገለ ኮምፒውተር ከሳሎን ቴሌቪዥን ጋር አገናኝተው፣ በዲሽ ወይም በኢንተርኔት የሚመጣውን ዓለም አቀፍ ውድድር የሚመለከቱና የሚቀዱ አንባቢያን ናቸው የጻፉልኝ። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ሳነብ የአብዛኞቹ ችግር መነሻ ጊዜ ሆኖ አገኘሁት። አንዱ የሰከንድ ሃምሳኛ ክፍል ጠፍቶበታል፤ ሌላው ሠላሳ ሰከንድ ዘግይቶበታል፤ ሌላው ደግሞ 18 ሰዓት ቀድሞ ቀድቶበታል። ገበያው አጥብቆ የሚያስተዋውቅልን የስክሪን ስፋትንና የምስል ጥራትን ነው። ለስፖርት ተመልካች ግን በቅድሚያ መስተካከል ያለበት ጊዜው ነው ብዬ አምናለሁ፤ መልሶቼም ከዚህ እምነት የሚነሡ ናቸው።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የቢሮ አገልግሎቱን ጨርሶ የተሸጠ ኮምፒውተር ከመርካቶ ገዝቼ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሥርዓተ ክወናና ኮዲ የተባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ጫንኩበት፤ የሳተላይት መቀበያ ካርድም ገጠምኩለት። ዜናና ድራማ ስመለከት እንከን የለውም። ካሜራው ሯጮችን በጎን እየተከተለ ሲሄድ ግን ምስሉ ይንገጫገጫል። የሯጮቹ እግርና የተመታች ኳስ ጠርዝም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ያማከርኩት ሻጭ ውድ ግራፊክስ ካርድ ካልገዛህ አይስተካከልም አለኝ። እውነት ነው?» — አንባቢ፣ ከሳሪስ

መልስ፦ እውነት አይደለም፤ እባክዎ ገንዘብዎን አያውጡ። ኮምፒውተርዎ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የወጣ የኢንቴል ፕሮሰሰር ካለው፣ ዛሬ አብዛኛው ኤችዲ የሳተላይት ስርጭት የሚላክበትን፣ ኤች 264 በተባለው ዘዴ የታመቀ ምስል ለመፍታት በውስጡ ያለው ግራፊክስ ይበቃዋል። የነገሩኝ ችግር ሁለት የተለያዩ ጉድለቶች አንድ ላይ ሆነው ነው፤ ሁለቱም በቅንብር ይስተካከላሉ።

በማበጠሪያው ጥርስ እንጀምር። ብዙ የሳተላይት ቻናሎች ምስሉን ሙሉውን በአንድ ጊዜ አይልኩም። በሰከንድ 50 ጊዜ ግማሽ ግማሹን ይልካሉ፤ መጀመሪያ 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውን መስመር፣ ቀጥሎ 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን እያሉ። 1080 መስመር ያለው ምስል እንግዲህ 540 መስመር ባላቸው ሁለት ግማሾች ይደርስዎታል ማለት ነው። ሁለቱ ግማሾች የተነሡት በአንድ ቅጽበት አይደለም፤ በመካከላቸው የሰከንድ ሃምሳኛ ክፍል አለ። የዜና አንባቢ በዚህች ቅጽበት ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ በመጨረሻው ዙር ላይ ያለ ሯጭ ግን ወደ ፊት ሄዷል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ግማሾች ዝም ብሎ አንድ ላይ ሲያጣብቃቸው የሯጩ እግር በአንዱ መስመር እዚህ፣ በቀጣዩ መስመር እዚያ ይሆንና ጥርስ ያወጣል።

ይህን የሚያስተካክለው ሥራ ዲኢንተርሌስ ይባላል፤ አሠራሩም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁለቱን ግማሾች አዋሕዶ በሰከንድ 25 ምስል ይሰጥዎታል። ሁለተኛው እያንዳንዱን ግማሽ ወደ ሙሉ ምስል አሳድጎ በሰከንድ 50 ምስል ይሰጥዎታል። ለስፖርት ሁለተኛውን ይምረጡ። ምክንያቱን በፓሪስ ላሳይዎ። ሐምሌ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. በተካሄደው የኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ወንዶች ፍጻሜ ዩጋንዳዊው ጆሽዋ ቼፕቴጌ በ26 ደቂቃ ከ43.14 ሰከንድ አንደኛ ሲወጣ፣ በሪሁ አረጋዊ በ26፡43.44 ብር፣ አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር በ26፡43.46 ነሐስ ወሰዱ። በብሩና በነሐሱ መካከል የነበረው ልዩነት ሁለት መቶኛ ሰከንድ ነው፤ ሁለት መቶኛ ሰከንድ ደግሞ ልክ የሰከንድ ሃምሳኛ ክፍል ነው። ኮምፒውተርዎ በሰከንድ 50 ምስል ካሳየዎት በሪሁን ከፊሸር የለየችው ቅጽበት የራሷ አንድ ምስል አላት። 25 ብቻ ካሳየዎት ያቺ ምስል ከጎረቤቷ ጋር ተቀላቅላ ትጠፋለች። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ ፖል ቴርጋትን የቀደመበት 9 መቶኛ ሰከንድም በ25 ምስል ሁለት፣ በ50 ምስል አራት ምስል ነው የሚሆነው። ደረታቸውን ወደ መስመሩ የጣሉበትን ያን ቅጽበት እየደጋገመ ያየ ሰው አራቱ ከሁለቱ ምን ያህል እንደሚሻል ይገባዋል።

በኮዲ ይህን ለማስተካከል ስርጭቱ እየታየ ሳለ የቪዲዮ ቅንብሩን ይክፈቱና «ዲኢንተርሌስ ሜተድ» በሚለው ሥር «ቪኤኤፒአይ ሞሽን አዳፕቲቭ» የሚለውን ይምረጡ። ማሽኑ ከደከመ «ቦብ» የሚለው ይበቃዋል፤ ምስሉን በጥቂቱ ቢያለሰልሰውም እንቅስቃሴውን አይሰርቅም። ከዚያም ለሁሉም ቪዲዮ ቋሚ እንዲሆን የሚያደርገውን አማራጭ መጫን አይርሱ፤ ካልሆነ ቻናል በቀየሩ ቁጥር ይመለስብዎታል።

ሁለተኛው ጉድለት መንገጫገጩ ነው። ስርጭቱ በሰከንድ 50 ምስል ሲልክ ኮምፒውተርዎ ለቴሌቪዥኑ በሰከንድ 60 ጊዜ እየላከ ይመስለኛል፤ ብዙ ኮምፒውተሮች ሲጫኑ የሚነሡት በዚህ ነውና። 50ን በ60 ላይ ለማዳረስ ማሽኑ በየአምስቱ ምስል አንዱን ሁለት ጊዜ ማሳየት ይገደዳል፤ በሰከንድ አሥር ጊዜ ይደናቀፋል ማለት ነው። ካሜራው ቆሞ ሲያሳይ ይህ አይታወቅም። ካሜራው በእኩል ፍጥነት ወደ ጎን ሲሄድ ግን ዓይን ወዲያውኑ ይይዘዋል። መድኃኒቱ በኮዲ «ሴቲንግስ»፣ «ፕሌየር»፣ «ቪዲዮስ» ውስጥ ገብተው «አድጀስት ዲስፕሌይ ሪፍሬሽ ሬት» የሚለውን «ኦን ስታርት/ስቶፕ» ላይ ማድረግ ነው። አማራጩ ካልታየዎት ከታች በስተግራ ያለውን ደረጃ ወደ «ኤክስፐርት» ከፍ ያድርጉት። ከዚያ ወዲህ 50 ምስል ያለው ቻናል ሲከፈት ቴሌቪዥኑ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ጠቁሮ ወደ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ) ይዞራል፤ ያ ጥቁረት ብልሽት አይደለም። መስተካከሉን ለማረጋገጥ ኪቦርዱ ላይ የእንግሊዝኛውን ኦ ፊደል ይጫኑ፤ የሚታየውን ምስል ዝርዝር መረጃ ያገኛሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቴሌቪዥኑ ራሱ «እንቅስቃሴን አለስልሳለሁ» የሚል ቅንብር ካለው ለስፖርት ያጥፉት። በሁለት እውነተኛ ምስሎች መካከል ያልነበረ ምስል ፈጥሮ የሚያስገባ በመሆኑ፣ ትንሽና ፈጣን የሆነች ኳስ አልፎ አልፎ ትሰወርበታለች።

ጥያቄ፦ «ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምንኖረው በአንድ ግቢ ነው። ጎረቤቴ ‹ጎል!› ብሎ ሲጮህ እኔ ዘንድ ኳሱ ገና መሐል ሜዳ ላይ ነው። እሱ የሚያየው በዲሽ ነው፣ እኔ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቼ ነው። ፈጣን ኢንተርኔት ባስገባ ይስተካከላል?» — አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ፍጥነት መጨመር ምስሉ እንዳይቆራረጥ ያደርጋል እንጂ መዘግየቱን ብዙም አይቀንሰውም። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ብዙ ሰው መዘግየቱ ከዚያ የሚመጣ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ወጥቶ እስኪወርድ የሚፈጅበት ሩብ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዲሽ በኩል ያለው ቀሪው መዘግየት ምስሉ በየጣቢያው ሲታመቅና ሲፈታ የሚባክነው ጥቂት ሰከንድ ነው።

የኢንተርኔት ስርጭት ግን አሠራሩ ሌላ ነው። ምስሉ ብዙ ጊዜ ስድስት ስድስት ሰከንድ በሚሆኑ ቁርጥራጮች ይከፋፈላል፤ አንዱ ቁርጥራጭ ተቀርጾ ሳይጠናቀቅ ሊላክልዎ አይችልም። ማጫወቻውም እንዳይቋረጥበት ሲል ሦስት ያህል ቁርጥራጭ ወደ ኋላ ቀርቶ ይጀምራል። ይኸው ብቻ 18 ሰከንድ ሆነ። ማመቂያውና ማከፋፈያው የሚወስዱት ሲጨመርበት ሠላሳ ሰከንድና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ጎረቤትዎ የሚጮኸው ያለ ቦታው አይደለም፤ እርስዎ ግማሽ ደቂቃ ያለፈ ጨዋታ ነው የሚያዩት።

ስለዚህ ምክሬ ኮምፒውተሩን በቀጥታ ከዲሹ ጋር እንዲያገናኙት ነው። የሳተላይት መቀበያ ካርድ ወይም በዩኤስቢ የሚሰካ መቀበያ ይግዙና ቲቪኤችኤንድ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጫኑ፤ እሱ ቻናሎቹን ይፈልጋል፣ ኮዲ ደግሞ ያሳያል። ኮምፒውተሩ በራሱ አንድ ሁለት ሰከንድ ይጨምራል፤ ያም ቢሆን ከሠላሳ ሰከንድ ጋር አይወዳደርም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ነገር ጠበቅ አድርጌ ልንገርዎ። ከዲሹ የሚመጣውን አንድ ገመድ በተራ መከፋፈያ ለሁለት ከፍለው አንዱን ለሪሲቨሩ፣ ሌላውን ለኮምፒውተሩ አይስጡ። ዲሹ ጫፍ ላይ ያለው ኤልኤንቢ ትእዛዝ የሚቀበለው በዚያው ገመድ በሚላክለት ኤሌክትሪክ ነው፤ 13 ቮልት ሲደርሰው ቀጥ ብሎ የሚመጣውን ሞገድ፣ 18 ቮልት ሲደርሰው አግድም የሚመጣውን ይይዛል። ሪሲቨሩ 13፣ ኮምፒውተሩ 18 ሲሉት ከሁለት አንዱ ቻናሉን ያጣል። ቤተሰቡ ድራማ እያየ እርስዎ ጨዋታ ሊቀዱ ሲሉ ቻናሎች ያለ ምክንያት የሚጠፉት በዚህ ነው። ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ያስተክሉና ለእያንዳንዱ የራሱን ገመድ ይሳቡ። ብዙ የአገራችን ቻናሎች የሚገኙበት ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ሲሆን ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው። ሁለቱን በአንድ ትንሽ ዲሽ መያዝ ስለማይቻል ሁለት ዲሽ ካለዎት ለሁለቱም በዚሁ መንገድ ያዘጋጁ።

ድምፁን ከሬዲዮ፣ ምስሉን ከቴሌቪዥን ማድረግ የሚወዱ ከሆነ ደግሞ ቲቪኤችኤንድ ስርጭቱን አቁሞ የመቀጠል አገልግሎት አለው። ሬዲዮው ከምስሉ ወደ ኋላ ከቀረ ምስሉን ለዚያች ያህል ሰከንድ ያቁሙትና ይልቀቁት፤ እስከ ጨዋታው መጨረሻ አብረው ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ «በዓመት አንዴ ብቻ ተከፍሎበት የዓለምን የስፖርት ቻናል ሁሉ ይከፍታል የተባለ ትንሽ ሣጥን ልገዛ ነው። ኮምፒውተሬንስ ይተካልኛል?» — አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ አይግዙት። የማስተላለፍ መብት ያላቸው ኩባንያዎች የሚሸጡትን ቻናል በሕገ ወጥ መንገድ ጠልፎ የሚያከፋፍል አገልግሎት ነው። የመብቱ ባለቤቶች እየተከታተሉ ስለሚያቋርጡትም መቋረጡ የሚመጣው ብዙ ተመልካች ባለበት፣ ማለትም እርስዎ አጥብቀው በሚፈልጉት ጨዋታ መሐል ነው። የከፈሉትን ገንዘብ የሚመልስልዎ ሰውም አያገኙም። ከዚህም በላይ ሣጥኑ ውስጥ ምን እንደ ተጫነ የሚያውቀው የጫነው ሰው ብቻ ሲሆን፣ ስልክዎና የባንክ መተግበሪያዎ ባሉበት የቤት ዋይፋይ ላይ ሌትና ቀን ይቀመጣል። በክፍት ቻናል የሚታየውን በኮምፒውተርዎ ይቅዱ፤ ክፍያ ለሚጠይቀው ሕጋዊውን ዲኮደር ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ «እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኛ ጋር ትኖራለች። የአገር ቤቱ ቻናል ላይ ሩጫ ስናሳያት ምስሉ ይንገጫገጫል፤ የአሜሪካው ቻናል ግን ደኅና ነው። ዓለም አቀፍ ውድድር ያለ ወርኃዊ ክፍያ የምታይበት መንገድ ካለም ቢነግሩኝ።» — አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ለሳሪሱ አንባቢ የነገርኩት ነገር እርስዎ ዘንድ ተገልብጦ ነው ያለው። የአሜሪካ ስርጭት የተመሠረተው በሰከንድ 60 ምስል ላይ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር 59.94 ነው። የአገር ቤቱ ግን በ25 ወይም በ50 ነው። ኮዲ ወደ 50 ኸርዝ እንዲዞር ያዙት፤ አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡ ቴሌቪዥኖች አንዳንዶቹ 50 ኸርዝ ስለማይቀበሉ ግን «ምልክት የለም» የሚል ጽሑፍ ካመጣ እንዳይደነግጡ። እንዲያ ከሆነ የሚቀረው መፍትሔ 50 ኸርዝ መቀበሉን አስቀድመው ያረጋገጡትን ሌላ ስክሪን ለእናትዎ መድቦ ኮምፒውተሩን ከእሱ ጋር ማገናኘት ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱ ጣራ ላይ የሚሰቀል ተራ አንቴና ነው። ኤንቢሲ፣ ፎክስና ቴሌሙንዶ በአየር ላይ በነፃ የሚሠራጩ ናቸው። ኤንቢሲ ኦሎምፒክን፣ ፎክስና ቴሌሙንዶ ደግሞ የ2026ን የዓለም ዋንጫ የማስተላለፍ መብት ይዘዋል። የአንቴናውን ገመድ ተቀብሎ ስርጭቱን በቤት ኔትወርክ የሚያዳርስ መቀበያ ሣጥን ከገዙ፣ ኮምፒውተሩ ሳሎን ባይሆንም መቅዳት ይችላል። ፎክስ የሚልከው 720 መስመር ብቻ ነው ብለው አይናቁት፤ እያንዳንዱ ምስል ሳይከፈል ሙሉውን በሰከንድ 60 ጊዜ ይደርስዎታልና ለሚሮጥ ነገር እኔ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ «ሩጫው ሊያልቅ ሁለት ዙር ሲቀረው መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ አልተነሣም፤ እስከዚያ የተቀዳው ፋይልም አይከፈትም። ልጆቼ አለቀሱ፤ እኔም ሥራዬን ትቼ የለፋሁበት ሁሉ ከንቱ ሆነ።» — አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ በእኔም ቤት ደርሶብኝ ስለሚያውቅ ኀዘንዎ ይገባኛል። ከሦስቱ ጉዳቶች ሁለቱን ያለ ምንም ወጪ መከላከል ይቻላል።

በመጀመሪያ ፋይሉ። ኤምፒ 4 በሚባለው ዓይነት ሲቀዳ፣ የትኛው ምስል የት እንዳለ የሚያመለክተው ማውጫ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ቀረጻው ሲጠናቀቅ ነው። በመሐል መብራት ከጠፋ ማውጫው ሳይጻፍ ይቀራል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተቀዳው ምስል ዲስኩ ላይ እያለ ማጫወቻው አያገኘውም። ስለዚህ ቲቪኤችኤንድ ስርጭቱን እንደ መጣ በቲኤስ ዓይነት እንዲቀዳ ያድርጉት። ይህ ዓይነት ከጅምሩ የተሠራው ለሚቆራረጥ ስርጭት ስለሆነ፣ የትም ላይ ቢቆረጥ እስከ ተቆረጠበት ድረስ ይከፈታል። ቦታ ይፈጃል ብለው አይሥጉ። በሰከንድ 8 ሜጋ ቢት የሚላክ ኤችዲ ቻናል በሰዓት 3.6 ጊጋ ባይት ይወስዳል፤ 500 ጊጋ ባይት ያለው አሮጌ ዲስክ እንግዲህ ከ130 ሰዓት በላይ ይይዝልዎታል።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሣ ማድረግ ነው። ሲበራ ወደ ባዮስ፣ ማለትም ከሊኑክስ በፊት ወደሚነሣው የማሽኑ መሠረታዊ ቅንብር፣ ይግቡና ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ምን ይሁን የሚለውን ቅንብር «ፓወር ኦን» ላይ ያድርጉት። የቢሮ ኮምፒውተሮች ይህን ቅንብር አያጡትም። ፕሮግራሙ የተጫነበት ዲስክ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ከሆነ ማሽኑ ቶሎ ተነሥቶ የቀረውን ዙር ሊደርስበት ይችላል።

ሦስተኛው መብራት ጠፍቶም መቅዳቱ እንዲቀጥል ማድረግ ነው። ለዚህ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ የባትሪ ሣጥን፣ መግዛት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ስክሪኑ የተሰበረ፣ ባትሪው ግን ገና የሚይዝ ላፕቶፕ ዘመድ ጓደኛ ጋ ካለ ይጠይቁ፤ ባትሪው የተገጠመለት የሳሎን ኮምፒውተር ይሆንልዎታል። ቴሌቪዥኑ ቢጠፋም ቀረጻው አይቋረጥም። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ፤ ዲሹ ላይ ያለው ኤልኤንቢ ኃይል የሚያገኘው ከመቀበያው ነው፣ የዩኤስቢ የሳተላይት መቀበያዎች ደግሞ የራሳቸው አዳፕተር አላቸው። ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይም አዳፕተሩ ከጠፋ ባዶ ፋይል ነው የሚቀዳው። ትንሽ ዩፒኤስ ከገዙ የመጀመሪያው ተሰኪ ይህ አዳፕተር ይሁን።

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጄ ይህን ማሽን ከአዲስ አበባ ልኮልኝ አጠቃቀሙን በስልክ አስተማረኝ። የፓሪሱ የ10,000 ሜትር ከምሽቱ 4፡20 ላይ ነው ሲባል፣ ዓይኔ ሌሊት ስለሚደክመኝ ጠዋት ላየው ብዬ ቀኑንና 4፡20ን ሞልቼ ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው የተቀዳው ሌላ ፕሮግራም ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን ወይስ እኔ አላወቅሁበትም?» — አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ማሽኑ አልተበላሸም፣ እርስዎም ሰዓቱን በትክክል ነው የሰሙት። ሁለታችሁ የቆጠራችሁት ግን ከተለያየ መነሻ ነው። እኛ ቀኑን ከንጋት፣ ምሽቱን ከጀምበር መግቢያ እንቆጥራለን፤ ማሽኑ ከእኩለ ሌሊት ተነሥቶ እስከ 24 ይቆጥራል። 4፡20 ሲሉት የዚያኑ ዕለት ከሌሊቱ 10፡20 ላይ ነው የቀዳው፤ ውድድሩ ሊጀመር ገና 18 ሰዓት ሲቀረው። መሞላት የነበረበት 22፡20 ነው።

ስሌቱን አንድ ጊዜ በወረቀት ጽፈው ከቴሌቪዥኑ ጎን ይለጥፉት። በቀን ከ1 እስከ 12 ሰዓት ላለው 6 ይደምሩ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት 15፡00 ይሆናል። በምሽት ከ1 እስከ 5 ሰዓት ላለው 18 ይደምሩ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት 22፡00 ይሆናል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ዜሮ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ላለው 6 ይቀንሱ።

ከሰዓቱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀኑ ነው። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ የቶኪዮው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን የተነሣው እሑድ መስከረም 4 በቶኪዮ ሰዓት ማለዳ ነበር፤ ያቺ ትእግስት አሰፋ እስከ ስታዲየም ድረስ ታግላ በሁለት ሰከንድ ብቻ ሁለተኛ የወጣችበት ሩጫ ናት። ቶኪዮ ከእኛ 6 ሰዓት ስለምትቀድም እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነበር። በእኛ አነጋገር ያ የቅዳሜ ሌሊት ነው። ለማሽኑ ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ እሑድ ገብቷል፤ መሞላት ያለበት እሑድ፣ 1፡30 ተብሎ ነው። ቅዳሜ 1፡30 ብሎ የሞላ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ቀድሞ ባዶ ነገር ይቀዳል። ማሽኑ የሚያሳየው ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር በመሆኑ ደግሞ ከግድግዳው ካላንደር ጋር አያይዘው ቢያመሳክሩት ጥሩ ነው።

ሁለት ነገሮችን አብረው ይመልከቱ። በማሽኑ ቅንብር ውስጥ የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ መሆኑን ያረጋግጡ። ማሽኑ ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ እሷ ከደከመች መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የማሽኑ ሰዓት ከዓመታት በፊት ወደነበረ ቀን ይመለሳል። ልጅዎ ሲመጣ አዲስ ይቀይርልዎት። ውድድር ሲቀዱም ከመነሻው 10 ደቂቃ ቀደም፣ ከመጨረሻው አንድ ሰዓት ዘግየት እንዲል ያድርጉት፤ ሩጫው ቢዘገይም የሜዳሊያው ሥነ ሥርዓት እንዳያመልጥዎ።

ለትልቁ ውድድር ከመድረስዎ በፊት ግን ዛሬውኑ ይሞክሩት። የምሽቱን የ2 ሰዓት ዜና ለአምስት ደቂቃ እንዲቀዳ ይዘዙት፤ ቀኑን የዛሬን፣ ሰዓቱን 20፡00 ብለው ይሙሉ። ነገ ጠዋት ፋይሉን ሲከፍቱ የዜናው መግቢያ ሙዚቃ ከተሰማ እርስዎና ማሽኑ በሰዓቱ ተግባብታችኋል።